እማዬ አጠገብ የምትተኛው ሴትዮ

አባቴ የማያስነሳው ላፕቶፕ የለም ብዬ ክፍል ውስጥ አፌን ሞልቼ የምናገር ልጅ ነበርኩ። ውሸቴንም አልነበረም። ውሃ የፈሰሰበት ይመጣል፣ ሕፃን የቆመበት ይመጣል፣ ባለቤቱ በንዴት ከግድግዳ ጋር ያላተመውና "ከጠረጴዛ ወድቆ ነው" ብሎ የሚምልለት ይመጣል፤ አባቴ ሁሉንም "እሺ፣ እናየዋለን" ብሎ ይቀበላል። ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ነበር። ወደ መንገድ የሚከፈት ሰፊ መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ማሽኖች፣ ቀኑን ሙሉ የማይለቅ የብየዳ ጭስ ሽታ። የሚፈታቸውን ብሎኖች በጠርሙስ ክዳኖች ነበር የሚለያቸው፤ የትኛው ብሎን ከየትኛው ቀዳዳ እንደወጣ በክዳኖቹ አቀማመጥ ያውቃል። ክዳን ያንቀሳቀሰ ሰው ወዮለት፣ እኔም ብሆን።

አልነሳ ያለ ላፕቶፕ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚፈልገው እኔን ነበር። "ላጲስሽን አምጪ" ይለኛል። ራም የሚባል ከጣት ብዙም የማይበልጥ ስስ ሰሌዳ አለ፤ እሱ ከሌለ ወይም በደንብ ካልተሰካ የማሽኑ መብራት ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። አባቴ ሰሌዳውን ይነቅልና ወርቅ የሚመስሉትን ጥርሶቹን በእኔ የትምህርት ቤት ላጲስ ይፈትጋቸዋል፣ እፍ ይልባቸዋል፣ መልሶ ይሰካዋል። ብዙዎቹ በዚሁ ይነሳሉ። ባለቤቱ አፉን ከፍቶ ሲቀር እኔ ደረቴን ነፍቼ እቆማለሁ፤ ላጲሱ የማን ሆነና።

እናቴ ያኔ ለሕክምና ወደ ትልቁ ከተማ ሄዳ ነበር። ጉሮሮዋን አሟት ነው ተባልኩ። ለእኔ የጉሮሮ ሕመም ማለት ትኩስ ነገር እየጠጡ፣ አንገት ላይ ሻርፕ ጠምጥመው፣ ከትምህርት ቤት የሚቀሩበት ደስ የሚል ነገር ነው። ለዚህ ብላ እዚያ ድረስ ምን አስኬዳት እያልኩ በሆዴ አማት ነበር። ቤት የቀረነው አባቴና እኔ ስለሆንን ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ፣ ልትጠብቀን መጥታ አብራን ትኖር ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከእማዬ ጋር በቪዲዮ እንተያያለን። የምንተያየው በእሷው ላፕቶፕ ነው። እማዬ የሰው ጽሑፍ እየተየበች ነበር የምትኖረው፤ የፊደሎቹ ቀለም በጣቶቿ አልቆ ግማሹ ቁልፍ ባዶ ሆኗል። ስትሄድ "ይሄ ላንቺ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣበታለሁ" ብላ ትታልኝ ሄደች። የአባቴ ስልክ ምስል የማታሳይ ትንሽዬ ነበረች። የደንበኛ ማሽን ደግሞ ለራሱ ጉዳይ አይነካም፤ የሰው ዕቃ የሰው ነው ባይ ነው። ስለዚህ እማዬ ያለችው እዚያች ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ፊቴን ታጥቤ፣ ፀጉሬን ተጎንጉኜ ስመጣ አባቴ ላፕቶፑን ከፊቱ አድርጎ ቁጭ ብሏል።

"አልነሳም ብሏል" አለኝ።

ማብሪያውን ተጫነው። መብራቱ በራ፣ ማራገቢያው ተነፈሰ፣ ስክሪኑ ጥቁር። "አየሽ አይደል?" አለ፤ እንዲህ ሲለኝ የሚያየው ግን እኔን ሳይሆን መስኮቱን ነው። ሮጬ ላጲሴን አመጣሁ።

"ተይው፣ የላጲስ ነገር አይደለም።"

"አንድ ጊዜ ብቻ ሞክረው፣ አባዬ።"

"አይሆንም አልኩሽ እኮ" አለና ክዳኑን ገጠመው።

እንግዲያው በስልክ እናውራት አልኩት። ሐኪሙ ጉሮሮዋ እንዲያርፍ ብሎ ወሬ ከልክሏታል አለኝ። አኩርፌ ጓዳ ገባሁ፤ አክስቴ ብስኩት ብትሰጠኝም አልበላሁም።

በሚቀጥለው ቅዳሜም ላፕቶፑ አልተነሳም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። እኔን ያስገረመኝ አባቴ በዚያው ሰሞን የሰውን ሁሉ ማሽን እያስነሳ መስጠቱ ነው። ከፊቴ ላጲሴን ይወስዳል፣ የማንንም የማያውቀውን ሰው ራም ይፈትጋል፣ ማሽኑ ይነሳል፣ ሰውዬው አመስግኖ ይሄዳል። የእማዬ ግን ጠረጴዛው ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሳ ተቀምጣለች። አንዳንዴ ጨርቁን ገልጦ እጁን ክዳኑ ላይ ያሳርፋል፣ ሳይከፍተው መልሶ ይሸፍነዋል።

አጠገባችን ፎቶ ኮፒ የሚያነሳ ሰው ነበር። ሥራ ሲቀዘቅዝበት መስኮታችን ላይ ተደግፎ ምክር ማደል ይወዳል። አንድ ቀን ላፕቶፑን አየና "አጥፍተህ አብርተኸዋል?" ብሎ ጠየቀው፤ አባቴን እኮ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን "አንተ ሂድና የተቀረቀረ ወረቀትህን አውጣ" ብሎ ያባርረው ነበር። ያን ቀን ግን ቀስ ብሎ "አብርቼዋለሁ" አለው። ሰውዬው ቀልዱ ጉሮሮው ላይ ቀርቶ ሄደ። እኔም አባቴ ሙያው ጠፋበት ብዬ አፈርኩለት። ክፍል ውስጥ ስለ እሱ ማውራት አቆምኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጓዳ ውስጥ ከአክስቴ ጋር ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

"ንገራት እንጂ፣ እስከ መቼ ነው?" አለች አክስቴ።

"ምን ብዬ?"

"እንደማይሆን ነዋ።"

"እንደማይሆን በምን አውቄ።"

"ታውቃለህ፣ ወንድሜ። ታውቃለህ።"

አክስቴ ሳህን ማጠብ ቀጠለች። እኔ ስለ ላፕቶፑ ነበር የመሰለኝ። እንደማይሠራ ሊነግሩኝ ፈርተዋል ብዬ አዘንኩላቸው፤ ይባስ ብሎ ያን ቀን አባቴን አቀፍኩትና "ግድ የለም አባዬ፣ ሌላ ይገዛል" አልኩት። እሱ ፊቱን አዞረብኝ።

ነገሩን አክስቴ የነገረችኝ እኔ ለአቅመ ሔዋን ደርሼ፣ እሷ አርጅታ፣ አባቴም አፈር ከገባ በኋላ ነው። ላፕቶፑ "የታመመ" ዕለት ጠዋት እናቴ ለአባቴ ደውላለት ነበር። ፀጉሬ አልቋል፣ ፊቴ አብጧል፣ ድምፄም የኔ አይደለም፤ ልጄ እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ፣ የምታስታውሰኝ በዚህ መልኬ እንዳይሆን ብላዋለች። አባቴ ደግሞ መዋሸት የማይችል ፍጡር ነበር፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። ለእናቴ እምቢ ማለት አቃተው፣ ለእኔም መናገር አቃተው። ስለዚህ ማሽኑ እንዲዋሽለት አደረገ። ራሙን በገዛ እጁ ነቅሎ ኪሱ ከተተው።

ያኔ እኔ ይሄን በምን ልወቅ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ አባቴ የሁሉንም ሰው ራም በላጲስ ሲፈትግ የእማዬን አልፈተገም። አልሞከረማ። አንድ ቅዳሜ ዕቃ ሊገዛ ወጣ፤ አክስቴ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። ላፕቶፑን ጨርቁን ገፍፌ ገለበጥኩት። ካቻቪቴ አነሳሁ፣ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ በር ፈታሁ፣ ብሎኖቹን እንደ አባቴ ክዳን ላይ አስቀመጥኩ። ላጲሴን አዘጋጅቼ ውስጡን ሳይ ቦታው ባዶ ነው።

መጀመሪያ ሌባ መጥቶብናል ብዬ ነበር። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። አባቴ ዕቃ ሲያጥረው ከአንዱ አሮጌ ማሽን ነቅሎ ለሌላው ሲሰካ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። የእማዬን ነቅሎ ለሰው ሰጥቷታል ማለት ነው። ደሜ ፈላ። እሷ አልጋ ላይ ተኝታ፣ ሳትፈቅድ፣ በእሷ ዕቃ የሰው ቤት ይሞቃል እያልኩ አባቴን በልቤ የሰደብኩት ስድብ ቢጻፍ አያስነብብም። መሳቢያውን ከፍቼ ከተጠራቀሙት ራሞች አንዱን ሞከርኩ፤ ጥርሶቹ መሐል ያለው ክፍተት አልገጥም አለ። ሌላኛው ግን ቀጭ ብሎ ገባ። ላጲሱን ሳልረሳ መጀመሪያ ፈትጌው ነበር፤ ወጉ ነዋ።

ማብሪያውን ተጫንኩ። ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ በራ። ዓለም የኔ ሆነች። ማንንም አልጠራሁም። የእማዬን ፎቶ ፈልጌ ነካሁት፤ መደወል ጀመረ። ረጅም ጊዜ ጮኸ። ልዘጋው ስል ተከፈተ።

ስክሪኑ ላይ የመጣችው እናቴ አልነበረችም። ፀጉር የሌላት፣ ፊቷ ያበጠ፣ ቅንድቦቿ ስለረገፉ ዓይኖቿ የተራቆቱ ሴትዮ ናት። አንገቷ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። ስታየኝ እጇን ወደ ካሜራው ላከች፣ ልትሸፍነው ነበር፣ ግን እጇ መንገድ ላይ ቀረ።

እኔ ትልቅ ሰው ማክበር የተማርኩ ልጅ ነኝ። "ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው መሰለኝ" አልኳት። "እናቴን ፈልጌ ነበር። ስልኩ የእርስዎ ነው?"

ሴትዮዋ ትክ ብላ አየችኝ።  የገዛ ልጇ አንቱ ስትላት እየሰማች መወሰን ነበረባት። "እኔ ነኝ" ማለት ትችል ነበር። ብትለኝ አምናት ነበር ወይስ ጮኼ እዘጋው ነበር፣ እኔም አላውቀውም።

"አይ" አለች። ድምፅዋ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ ይመስላል። "ስልኩ የእናትሽ ነው። እኔ አጠገቧ ነው የምተኛው።"

"እሷስ?"

"ወጣ ብላለች። ግቢ ውስጥ እየተንሸራሸረች ነው።"

"ተሻላት ማለት ነው?"

"በጣም።" ወደ ካሜራው ጠጋ ብላ፣ "ጥርስሽ በቀለ?" አለችኝ።

አፌን ከፍቼ ስክሪኑ ድረስ ተጠጋሁ። ረጅም ጊዜ አየችው።

"እማዬ ነገረችዎት?"

"ሁሉን ትነግረኛለች። ስለ አንቺ ስታወራ መሽቶ ይነጋል። ስትመለስ ምን ልበልልሽ?"

ደስ አለኝ፤ የሚያዳምጠኝ ሰው ካገኘሁ ቆይቼ ነበር። አባዬ ሙያው እንደጠፋበት ነገርኳት። ላፕቶፑን ያስነሳሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። አክስቴ ፀጉሬን ስትሠራኝ ቆዳዬን አብራ እንደምትጎነጉነው ነገርኳት። "ደግሞ ትምጣ በሏት" አልኩ። "ለአንድ ጉሮሮ ይሄን ያህል መተኛት አይበዛም?"

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እየሳቀች ነው ብዬ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

"እነግራታለሁ" አለች በመጨረሻ።

"እግዚአብሔር ይማርዎት" አልኳት፤ ለታመመ ሰው እንደዚያ ይባላል ተብዬ ተምሬያለሁ።

"አሜን" አለች።

አባቴ ሲመለስ ላፕቶፑ በርቶ አገኘው። ክዳን ነካሽ ብሎ ሊቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ዕቃውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። የሆነውን ሁሉ አወራሁለት፤ ስለ ሴትዮዋም ነገርኩት።

"ምን ትመስላለች?" አለኝ።

"ታስፈራለች። ግን ደግ ናት።"

የደንበኛ መቀመጫ ላይ ቁጭ አለ። "ጎበዝ፣ አንቺ ነሽ ያስነሳሽው" አለኝ፤ ከዚያ ጓሮ ወጣና ቧንቧውን ከፈተ። ውሃው ብዙ ሲፈስ ይሰማኛል። አክስቴ "ምን ሆነ?" ብላ የምታጥበውን ጥላ ወደ እሱ ስትሄድ ሰማሁ።

አመሻሹ ላይ እናቴ ለአባቴ ደውላለት ነበር፤ ይሄንንም የነገረችኝ አክስቴ ናት። እናቴ "አላወቀችኝም" ብላ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ፣ "ራሙን አትንቀለው" አለችው። "ትደውል። ያቺን ሴትዮ ሆኜ ላውራት፤ ከማጣት ይሻለኛል።" አባቴ ለምኗት ነበር፣ እኔ ልንገራትና ትልመድሽ ብሎ። እሷ ግን አንዴ ታስፈራለች ብላ ልጄ ተናግራለች፣ አበቃ አለች። ያንን የነገራት እሱ ነው። ምን ትላለች ብላ ስትጠይቀው፣ ያው መዋሸት አያውቅም።

እንዲህ ሆነና ቅዳሜያችን ተመለሰ። እደውላለሁ፣ ሴትዮዋ ታነሳለች፣ እማዬ ምርመራ ገብታለች፣ እማዬ አሁን ነው እንቅልፍ የወሰዳት፣ እማዬ ደረጃ መውጣት እየተለማመደች ነው። እኔም ወሬዬን ለሴትዮዋ አራግፋለሁ። አባቴ በዚያ ሰዓት የአቧራ መንፊያ ማሽኑን ያስነሳል፤ የሚነፋ አቧራ ባይኖርም ያስነሳዋል። ጩኸቱ ወሬዬን ሲያቋርጠኝ "አባዬ፣ እንግዳ አለኝ እኮ" እለዋለሁ።

እየቆየ ግን እናቴ አናደደችኝ። የሰው እናት እንዴት አንድ ቀን እንኳ ስልኳ አጠገብ አትገኝም። አንድ ቅዳሜ ለሴትዮዋ በግልጽ ነገርኳት።

"እማዬ ረስታኛለች።"

"አልረሳችሽም።" ያን ጊዜ ድምፅዋ ከሹክሹክታ አያልፍም ነበር፤ የምታወራውም ትራስ ላይ ተጋድማ ነው።

"እርስዎ በምን ያውቃሉ?"

"አጠገቧ ነው የምተኛው አላልኩሽም? በእንቅልፏ እንኳ ስምሽን ትጠራለች።"

"ታዲያ ለምን አታወራኝም? እርስዎ ታመውም ያወሩኛል። እሷ ተሽሏት አታወራኝም።"

 ዓይኗን ጨፍና ስትገልጥ "ልክ ነሽ፣ የኔ እናት" አለችኝ። "ልክ ነሽ። ጥፋቱ የእሷ ነው። ይቅር በያት።"

"አስብበታለሁ" አልኩ ኮራ ብዬ። ዘጋሁት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንም አላነሳም። ከዚያ በሳምንቱ መሐል አንድ ቀን ጠዋት አባቴና አክስቴ አልጋዬ ላይ በሁለት ወገን ተቀመጡ፤ አክስቴ ጥቁር ለብሳለች። አባቴ ጀመረ፣ መጨረስ አቃተው፣ አክስቴ ጨረሰችለት። እናትሽ ሄደች አለችኝ፤ የት ብዬ እንዳልጠይቅ ደግሞ ሞተች ብላ በግልጽ ነገረችኝ። የጮህኩትን ጩኸት ፎቶ ኮፒ አንሺው ሰምቶ ሱቁን ሳይዘጋ መጣ። ቤቱ በሰው ሞላ። የማላውቃቸው ሴቶች እያቀፉ አፈኑኝ።

ሰዉ ሲቀልል ሴትዮዋ ትዝ አለችኝ። እማዬ ከሞተች እሷ ብቻዋን ቀረች ማለት ነው። ሱቅ ገብቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ያለ ምንም ችግር ተነሳ። ደወልኩ፤ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ተቋረጠ። ደግሜ ደወልኩ። አባቴ ከኋላዬ መጥቶ ቆሟል።

"ለማን ነው?" አለኝ።

"ለሴትዮዋ። ማን ነገራት? እማዬ አጠገብ አልነበር የምትተኛው?"

አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ።

"እሷም ሞተች?" አልኩት።

ምን እንዳሰበ ዛሬ ይገባኛል። ልጁ በአንድ ቀን ሁለት ሰው እንዳይሞትባት ነው። "አይ" አለ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮው ሳይቀላ። "እሷ ዳነች። ቤቷ ገባች።"

ስክሪኑን አየሁት፤ የእማዬ ፎቶ ላይ አሁንም ይደውላል። ያቺ ራሰ በራ፣ ያቺ ያበጠች፣ ድምፅ የሌላት ሴትዮ ድና ቤቷ ገብታለች። ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ የከረመችው እናቴ ደግሞ ሞተች። ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው። እሷን ይማርዎት ያልኩበት አፌ አቃጠለኝ።

"ምነው በእማዬ ፈንታ እሷ በሞተች" አልኩት።

አባቴ አጠገቤ ተንበረከከ፣ ራሴን ደረቱ ላይ ይዞ ጥሪው እስኪቋረጥ ጠበቀ። "እሺ፣ ልጄ" አለኝ። "እሺ።"